ሰና፣ ጀና፣ ሲድራ ወይስ ሩመይሳ? ብዙም ያልተለመደ የዓረብኛ የሴት ልጅ ስም ሲመረጥ

«አሲያ» በፊደላችን ሲጻፍ ሁለት የማይተዋወቁ ስሞችን ይይዛል። አንዱ የፈርዖን ሚስት ስም ነው። እሷ በሙስሊሙ ዘንድ በእምነት ጽናታቸው ከፍ ብለው ከሚነሱት ሴቶች አንዷ ናት፤ ስሟም በዓረብኛ በአሊፍና በሲን ይጻፋል። ሌላው በዐይንና በሷድ የሚጻፈው ሲሆን ትርጉሙ «አመጸኛዋ» ማለት ነው። የሐዲስ ሰብሳቢው ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የዑመር ልጅ በዚህኛው ስም ትጠራ ስለነበር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) «ጀሚላ» ብለው ለውጠውላታል። አማርኛ ተናጋሪ ሲናገር ዐይንን ከአሊፍ፣ ሷድን ከሲን አይለይም። ስለዚህ ልጅቷ እዚህ አሲያ ተብላ በሰላም ታድጋለች፤ ጣጣው የሚመጣው ስሟ አንድ ቀን በዓረብኛ መጻፍ ሲኖርበት ነው።

ፋጡማ፣ ከዲጃ፣ ዘይነባ የመሳሰሉት ስሞች እንዲህ ዓይነት ችግር የለባቸውም። ዘመናት ስላስቆጠሩ ዓረብኛ የቀራ ሁሉ አጻጻፋቸውን ያውቃል። ብርቅ ስም ግን ጠባቂ የለውም። ወላጅ ከስልኩ ላይ «ውብ፣ ብርቅ፣ ቁርአናዊ» የሚል ዝርዝር ያገኛል፣ ፍቺውን ይወደዋል፣ በሰባተኛው ቀን ደግሞ ስሙ በየትኞቹ ፊደላት እንደሚጻፍ የሚያውቅ ሰው በቤቱ የለም። የዓረብኛ ስም ፍቺ የሚገኘው ከሥሩ ነው፤ ሥሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ፊደል ነው፣ አንዷ ፊደል ከተለወጠች ሌላ ቃል ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ስሞቹን ስናነጻጽር ከፍቺው እኩል ፊደሉን እናያለን።

ሰና

በፊደላችን «ሰና» ተብለው የሚጻፉ የዓረብኛ ስሞች ሦስት ናቸው። በሲን ተጀምሮ በአሊፍ የሚያልቀው «ብልጭታ፣ ጸዳል» ማለት ነው፤ በሱረቱ ኑር 43ኛው አንቀጽ የመብረቁ ብልጭታ «ሰና በርቂሂ» የተባለበት ቃል ነው። መጨረሻው ላይ ሀምዛ ሲታከል «ሰናእ» ይሆንና ልዕልናን፣ ከፍታን ያመለክታል፤ ሞሮኮ ውስጥ ብዙ የሚሰማው ይኼኛው ነው። ሦስት ነጥብ ባላት ሳእ ሲጻፍ ደግሞ «ምስጋና፣ ውዳሴ» ማለት ነው፤ ፓኪስታንና ሕንድ ውስጥ የምናገኛቸው ብዙዎቹ ሰናዎች በዚህኛው ይጻፋሉ። ሦስቱም ጥሩ ስም ናቸው። የማይሆነው በታእ መርቡጣ (በቃል መጨረሻ በምትመጣው ክብ ታእ) የሚያልቀው ነው፤ ያን ጊዜ ቃሉ «ዓመት» ማለት ይሆናል። ከእንግሊዝኛው ፊደል ተነስቶ ወደ ዓረብኛ የሚገለብጥ ጸሐፊ በቀላሉ የሚሠራው ስሕተትም ይኸው ነው።

ይህን ስም ከሌሎቹ ሁሉ የምናስቀድምበት ምክንያት አለን። ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሙስሊሞች አንዱ ኻሊድ ኢብን ሰዒድ ነበሩ። ሴት ልጃቸው ኡሙ ኻሊድ የተወለደችው እዚሁ በስደት ምድር ነው። ሌላው የሐዲስ ሰብሳቢ ቡኻሪ እንደዘገቡት መዲና ከገባች በኋላ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልብስ መጣላቸው፤ ከመካከሉ ትንሽ ጥቁር ባለ ጥለት ልብስ ነበረችበት። ኡሙ ኻሊድን አስጠርተው በእጃቸው አለበሷት፣ «ለብሰሽ አሳልቂው» ብለው መረቋት። ከዚያም ጥለቱን እያዩ «ኡሙ ኻሊድ ሆይ፣ ይህ ሰናህ ነው» አሏት። ዘገባው ራሱ እንደሚያስረዳው «ሰናህ» በሐበሾች ቋንቋ «ያማረ» ማለት ነው። ግዕዝ ለሚያውቅ «ሠናይ» ከሚለው ቃል ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው። ልብ ይባል፦ የሐዲሱ ቃል የሐበሻ ቃል ነው፣ ስሙ ደግሞ የዓረብኛ ቃል ነው፤ በአመጣጥ አንድ አይደሉም። በጆሮ ግን ይገናኛሉ፤ ለኢትዮጵያዊት ሙስሊም ልጅ ከዚህ የሚቀርብ ብርቅ ስም አናውቅም።

ጉድለቱም ይነገር። ስሙ አጭር ስለሆነ በ«ና» ወይም በ«ነ» የሚጀምር የአባት ስም ሲከተለው ይዋጣል፤ «ሰና ናስር» በፍጥነት ሲጠራ «ሰናስር» ይሆናል። በዓረብኛ የሰነመኪ ቅጠልም በዚሁ አጻጻፍ «ሰና» ይባላል። ይህ ግን ስሙን አይጎዳውም፤ ዓረብ የሆነ ሁሉ ከዓረፍተ ነገሩ ይለየዋል።

ጀና

እዚህ የሚያሳስተው መጥበቅና መላላት ነው። አማርኛ «አለ» ብሎ ሲጽፍ ተናገረ ይሁን ይኖራል የሚለየው አንባቢው ነው፤ «ገና»ም በዓሉን ሲሆን ይጠብቃል፣ «እስካሁን» ለማለት ሲሆን ይላላል። ጀናም እንዲሁ ነው። ኑኗ ስትላላ «ከዛፍ የሚቀጠፍ የደረሰ ፍሬ» ማለት ነው፣ ስትጠብቅ «የአትክልት ስፍራ፣ ገነት» ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት በሱረቱ ረሕማን 54ኛው አንቀጽ ጎን ለጎን ይገኛሉ፦ የሁለቱ ገነቶች ፍሬ ለለቃሚው ቅርብ ነው ይላል። ግብፅና ዮርዳኖስ ውስጥ በብዛት የሚወጣው የላላው ነው። አገራችን ውስጥ «ጀና» ብሎ የሚሰይም ወላጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ገነትን አስቦ ነው።

የቱ ይሻላል? የላላውን እንመርጣለን። «ፍሬ» ለልጅ የሚስማማ ትርጉም ነው፤ ገነትን ለሰው ስም ማድረግ ግን አንዳንድ ኡስታዞች የማይወዱት ነገር ነው። አስቸጋሪው ነገር አገር ቤት ያለ ዘመድ ሁሉ አጥብቆ መጥራቱ ነው፤ ይህን በአዋጅ መመለስ አይቻልም። ሁለቱ ፍቺዎች የማያጣሏችሁ ከሆነ ችግር የለውም። የሚያጣሏችሁ ከሆነ ግን ስሙን ተዉት፤ ዕድሜ ልክ ሲያስተካክሉ መኖር ልጅቷን ያደክማታል።

ሲድራ፣ ተስኒም፣ ሰልሰቢል

ሦስቱም ከቁርአን የተወሰዱ ናቸው፣ ሦስቱም ጨዋ ስሞች ናቸው፤ ልዩነታቸው በአፍ ላይ ነው።

ሲድራ የዛፍ ስም ነው፤ ዛፉም እኛ ቁርቁራ የምንለው ነው። በሱረቱ ነጅም «ሲድረቱል ሙንተሃ»፣ ማለትም በዳርቻው ያለችው ቁርቁራ፣ የምትጠቀሰው በሚዕራጁ፣ ማለትም ነቢዩ ወደ ሰማይ ባረጉበት፣ ታሪክ ነው። በሱረቱል ዋቂዓ እሾኽ የሌለው ሲድር ከገነት ጸጋዎች ተቆጥሯል። በሱረቱ ሰበእ ደግሞ የመእሪብ ጎርፍ አትክልቱን ካጠፋ በኋላ የቀረው ጥቂት ሲድር እንደሆነ ተነግሯል። ስለዚህ «ሲድራ ማለት የገነት ዛፍ ነው» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ቃሉ የዛፉ ነው፤ ክብሩን ያገኘው በነጅም ካለችው አንዲት ዛፍ ነው። ፓኪስታንና ሶርያ ውስጥ ስሙ የተለመደ ነው፤ እኛ ጋ ገና ብርቅ ነው። ለአማርኛ አፍ ከሦስቱ ቀላሉ ሲድራ ነው። ስሕተቱ የሚመጣው በዓረብኛ ሲጻፍ ነው፦ ከሲኗ ቀጥሎ ያእ ከገባና መጨረሻው በአሊፍ ከሆነ ዛፉ ይጠፋል፣ ትርጉም የሌለው የባዕድ ስም ይመስላል።

ተስኒም በሱረቱል ሙጠፊፊን 27ኛው አንቀጽ የምትጠራው ምንጭ ናት፤ ለአላህ የቀረቡት የሚጠጡባት። ሥሩ «ሰናም» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው፤ ሰናም የግመል ሻኛ ነው። ስለዚህ የቁርአን ተርጓሚዎች ተስኒምን ከላይ፣ ከከፍታ የሚወርድ ውኃ ብለው ፈቱት። ሱዳንና ባንግላዴሽ ብዙ ተስኒሞች አሉ። ስሙ በ«ም» ስለሚያልቅ የአባት ስም መሐመድ፣ ሙስጠፋ ወይም ሙሳ ከሆነ ሁለቱ «ም»ዎች ይጣበቃሉ፤ «ተስኒም ሙሳ» ጮክ ብላችሁ አሥር ጊዜ ጥሩት፣ ራሳችሁ ትሰሙታላችሁ። አብዱ፣ ከድር፣ ጀማል ሲከተለው ግን ያምራል።

ሰልሰቢል በሱረቱል ኢንሳን 18ኛው አንቀጽ ነው። ከፊቱ ያለው አንቀጽ የገነት መጠጥ በዝንጅብል እንደሚቀየጥ ይናገራል፣ ቀጥሎ ምንጭዋ ሰልሰቢል እንደምትባል ይገልጻል፤ ሁለቱ ቃላት ቤት ይመታሉ። ትርጉሙ ጉሮሮ ላይ ሳይከብድ የሚወርድ፣ የሚጣፍጥ ውኃ ነው። ኢንዶኔዢያ ውስጥ «ሰልሰቢላ» በሚል ቅርጽ በጣም የተለመደ ነው። አገራችን ላይ ረዘም ስለሚል ሰዎች ያሳጥሩታል፣ ሲያሳጥሩት ደግሞ «ሰልሲ» ወይም «ቢላ» ይሆናል፤ «ቢላ» ደስ አይልም። ሙሉው እንዲጠራላችሁ ከፈለጋችሁ የማቆላመጫ ስም ከመጀመሪያው ራሳችሁ አውጡላት።

የሰሃቢያት (የነቢዩ ሴት ባልደረቦች) ስሞች

ሩመይሳ፣ ኑሰይባ፣ ሩፈይዳ፣ ጁወይሪያ። አራቱም በአንድ ዜማ የተሠሩ ናቸው፤ በዓረብኛ ማሳነሻ ወይም ማቆላመጫ ቅርጽ ነው፣ እኛ «ልጅዬ» እንደምንለው። ሩፈይዳ ላይ «ዬ» ጨምረን «ሩፈይዳዬ» ስንል በሁለት ቋንቋ አቆላመጥናት ማለት ነው።

በእነዚህ ስሞች ላይ ትልቁ ስሕተት የቃል ፍቺ ማሳደድ ነው። ሩመይሳን እንውሰድ። ኢንተርኔት ላይ «የአበባ እቅፍ» የሚል ፍቺ ተለጥፎባታል። በሥሩ ይህ የለም። ሥሩ ራእ፣ ሚም፣ ሷድ ነው፤ «ረመስ» ዓይን ጥግ ላይ የሚጠራቀመው ዓይናር ነው። ተመሳሳይ ፍቺ ያለው «ጉመይሳ» የተባለው ቃል በዓረቦች ዘንድ የኮከብ ስም ነው። በተረታቸው የሱሀይል ኮከብ ሁለት እኅቶች ነበሩት፤ አንደኛዋ የሰማዩን ወንዝ ተሻግራ ተከተለችው፣ ሁለተኛዋ መሻገር አቅቷት ቀረች፤ ዓይኗ እስኪፈዝ አለቀሰች ይላሉ። ስሙን ከፍ ያደረገው ግን የተሸከመችው ሴት ናት፦ የአነስ ኢብን ማሊክ እናት ኡሙ ሱለይም። አቡ ጠልሓ ሲያገቧት መህሯ (ጥሎሿ) እንዲሆን የጠየቀችው እስልምናቸውን ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በሕልማቸው ገነት ገብተው ሩመይሳን፣ የአቡ ጠልሓን ሚስት እንዳዩ ቡኻሪ ዘግበዋል። ለእንዲህ ዓይነት ሴት መታሰቢያ ስም ለማውጣት የአበባ እቅፍ መፍጠር አያስፈልግም።

ጥንቃቄ የሚሻው እዚህ ላይ ነው፦ ሩመይሳ በዓረብኛ በሷድ እንጂ በሲን መጻፍ የለባትም። በሲን ከተጻፈች ከመቅበርና ከመቃብር ሥር ትገባለች፤ «ረምስ» መቃብር ነው። ብዙ ሰዎች፣ ዓረቦችም ጭምር፣ በሲን ይጽፏታል። በዚሁ ምክንያት «ሪማስ» የተባለውን አዲስ ስም አንመክርም። «አልማዝ ማለት ነው» ይባላል፤ አልማዝ ግን በዓረብኛ «አልማስ» ነው፣ የኛው አልማዝ የሚለው ስም የመጣውም ከዚያው ነው። ዕንቁውን የወደደ አልማዝ ብሎ ይሰይም፤ እናቶቻችን በክብር የኖሩበት ስም ነው። ወደ ሩመይሳ ስንመለስ፣ ቱርክ ውስጥ በጣም የተለመደ ስም ስለሆነ እዚያ ለሚኖር ቤተሰብ ብርቅ አይደለም።

ኑሰይባ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እስካሁን ፊደላችን የሚሰውረውን ዓረብኛ ሲገልጥ አየን፣ እዚህ ግን ዓረብኛ የሚሰውረውን ፊደላችን ይገልጣል። ያለ ሐረካ (ያለ አናባቢ ምልክት) ሲጻፍ «ኑሰይባ»ና «ነሲባ» አንድ ናቸው። በኡሁድ ጦርነት (625) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ስትከላከል የቆሰለችው ኡሙ ዑማራ፣ የከዕብ ልጅ፣ ብዙ ሊቃውንት ስሟን «ነሲባ» ብለው ያነቡታል። «ኑሰይባ» የሚሉት ኡሙ ዐጢያን ነው፤ የነቢዩ ልጅ ስትሞት በውኃና በሲድር ቅጠል እንዴት እንደታጠበች ያስተላለፈችልን ሴት። ስለዚህ ጀግናዋን አስባችሁ ከሆነ ነሲባ የሚለውም በእጃችሁ ነው፤ ትርጉሙ «የዘር ሐረጓ የተከበረ» ማለት ነው፣ ለአማርኛ አፍም ይቀላል። ለዓለም የታወቀው ግን ኑሰይባ ነው፤ ናይጄሪያና ማሌዢያ ሳይቀር። ሁለቱም አያስነቅፉም፤ አንዱን መርጣችሁ ጽኑ።

ሩፈይዳ ከአራቱ አንድም ችግር የሌለባት ናት። ሥሩ መደገፍ፣ መርዳት፣ መስጠት ነው። ሩፈይዳ አል አስለሚያ መዲና መስጊድ ውስጥ በተተከለ ድንኳን ቁስለኞችን ታክም ነበር፤ ከኸንደቅ ጦርነት (627) በኋላ ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ የተወሰዱት ወደ እሷ ነው። ኒው ዴሊ ባለው ጃሚያ ሐምዳርድ ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ኮሌጁ በስሟ ተሰይሟል። ከስሙ ፊደላት አንዱም ከአማርኛ ፊደል ጋር አይጋጭም፤ ራእ ራ ነው፣ ፋእ ፋ ነው፣ ዳል ዳ ነው። ፍቺው፣ ባለቤቷና አጻጻፉ ተስማምተው የተገኙበት ስም ነው። እናት ወይም አባት የጤና ባለሙያ ከሆኑ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም።

ጁወይሪያ «ትንሿ ልጃገረድ» ማለት ነው። የነቢዩ ባለቤት፣ የሓሪስ ልጅ ጁወይሪያ፣ ቀድሞ ስሟ «በራ» (ደግ፣ ጻድቅ) ነበር፤ የለወጡላት እሳቸው ናቸው። ሐዲሱ «ከበራ ዘንድ ወጡ» መባሉን ጠልተው እንደሆነ ይናገራል፤ ከተመሳሳይ ሐዲሶች ደግሞ ስሙ ራስን ማጽደቅ እንዳይሆን መስጋታቸውን እንረዳለን። ስለዚህ «ጻድቃን» የሚል ፍቺ ያለውን «አብራር» የሚሰይሙ ወላጆች ይህን አስቀድመው ኡስታዝ ቢጠይቁ ጥሩ ነው። ጁወይሪያ ሶማሌዎችና ፓኪስታኖች ዘንድ የተለመደ ነው። ሲያጥር «ጁሪ» እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ፤ ጁሪ ራሱን የቻለ ስም ነው፣ በፋርስ ጁር ከተማ የተሰየመው ጽጌረዳ ነው።

በረካን የጨመርነው የሐበሻ ሴት ስም ስለሆነ ነው። ኡሙ አይመን፣ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በልጅነታቸው ያሳደገቻቸው፣ የኡሳማ ኢብን ዘይድ እናት፣ ስሟ በረካ ነበር፤ የኛው «በረከት» ማለት ነው። ሙስሊም የዘገቡት አንድ ሐዲስ ግን አለ፦ ነቢዩ በረካን፣ ናፊዕንና መሰል ስሞችን ሊከለክሉ አስበው ኋላ ዝም እንዳሉ፣ ሳይከለክሉም እንዳረፉ ይናገራል። ከሌላ ሐዲስ የምንረዳው ምክንያት ግልጽ ነው፤ «በረካ እቤት አለች?» ተብሎ «የለችም» ሲባል ቃሉ ክፉ ይሆናል። አልተከለከለም፤ ኡሙ አይመንም ስሟ አልተለወጠም። ይህን ካወቁ በኋላ ለእሷ ክብር ብሎ መሰየም ሙሉ መብት ነው።

ወረቀቱ ላይ

የአቂቃው (ለተወለደች ልጅ የሚታረድበት) ቀን ሰባተኛው ነው፤ የልደት ምዝገባ ደግሞ በአዋጅ 760/2004 መሠረት በ90 ቀን ውስጥ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ ተጠቀሙበት። መጀመሪያ ስሙን በዓረብኛ ከነሐረካው በወረቀት ላይ አስጽፉ፤ የጻፈው ኡስታዝ ሥሩን ይንገራችሁ። ከዚያ ያንኑ ወረቀት ለሌላ ዓረብኛ ለሚያነብ ሰው ያለ ምንም ማብራሪያ ስጡትና «ምን ይላል? ምን ማለት ነው?» በሉት። የሁለቱ መልስ ካልገጠመ ስሙ ገና አልተመረጠም።

ወደ ፊደል ሲመጣ፣ አጭሩን የዓረብኛ «አ» በግዕዙ፣ ረጅሙን በራብዑ ጻፉት፦ ሰና እንጂ ሳና አይደለም። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ደግሞ «ሰ»ን በ«ኤስ» እና በ«ኢ» መጻፍ ልማዳችን ነው፤ ለዓረብኛ ስም ግን ይህ ልማድ ይጎዳል። ሰና በ«ኢ» ስትጻፍ ባሕረ ሰላጤው አገር ያለ ጸሐፊ ያእ ጨምሮ «ሲና» ያደርጋታል፣ ተራራው ማለት ነው። ስለዚህ «ኤስ፣ ኤ፣ ኤን፣ ኤ» ይሁን። ተስኒምም በ«ቲ» እና በ«ኤ» ትጀምር። በቁቤ የሚመዘገቡ ቤተሰቦች ዕድለኞች ናቸው፤ የሚረዝመው አናባቢም የሚጠብቀው ተነባቢም ስለሚደገም ሁለቱ ጀናዎች እዚያ ይለያሉ። ሳዑዲ ወይም ኤሚሬትስ የምትወለድ ልጅ የመጀመሪያ ወረቀቷ ዓረብኛ ስለሆነ ሥራው ሁሉ እዚያ ያልቃል፤ ሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ከመስፈሩ በፊት ፊደል በፊደል ማየት ነው።

ለጸሐፊው የሚሰጠው ብጣሽ ወረቀት ይህን ይመስላል፦

ሰና (ብልጭታ)፦ ሲን፣ ኑን፣ አሊፍ።
ጀና (ፍሬ)፦ ጂም፣ ኑን፣ አሊፍ መቅሱራ።
ጀና (ገነት)፦ ጂም፣ ኑን ከነሸዳው (ከነማጥበቂያ ምልክቱ)፣ ታእ መርቡጣ።
ሲድራ፦ ሲን፣ ዳል፣ ራእ፣ ታእ መርቡጣ።
ተስኒም፦ ታእ፣ ሲን፣ ኑን፣ ያእ፣ ሚም።
ሰልሰቢል፦ ሲን፣ ላም፣ ሲን፣ ባእ፣ ያእ፣ ላም።
ሩመይሳ፦ ራእ፣ ሚም፣ ያእ፣ ሷድ፣ አሊፍ፣ ሀምዛ።
ኑሰይባ ወይም ነሲባ፦ ኑን፣ ሲን፣ ያእ፣ ባእ፣ ታእ መርቡጣ፤ ልዩነቱ በሐረካ ብቻ።
ሩፈይዳ፦ ራእ፣ ፋእ፣ ያእ፣ ዳል፣ ታእ መርቡጣ።
ጁወይሪያ፦ ጂም፣ ዋው፣ ያእ፣ ራእ፣ ያእ፣ ታእ መርቡጣ።
በረካ፦ ባእ፣ ራእ፣ ካፍ፣ ታእ መርቡጣ።